ከሰሉ ይውጣ፣ ከዚያ ቀዳዳው ይደፈን

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ተወልጄ ያደግኩት ሸዋ ሮቢት ነው። ባለቤቴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ሥራ አግኝቶ ካለፈው ዓመት ጀምሮ እዚሁ ነን። የተከራየነው ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒስ የለውም። አምና ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍነው እኔና ፈጣሪ እናውቃለን። ሁለት ልጆች አሉኝ፣ ትንሿን ሳል አይለቃትም። ዘንድሮ ደግሞ እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር መጥታለች። እሷ ቆላ የለመደች ሰው ናት። ባለቤቴ ማታ ማታ ማንደጃውን ደጅ አቀጣጥሎ፣ ጭሱ ካለቀ በኋላ አስገብቶ በሩን ይዘጋል። ከሰሉ ኪሳችንን ጨረሰው። ጎረቤቴ ‹ሂተር ግዢ› ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ ‹መብራቱ ያከስረናል፣ ከሰል ጨምረን እንለፈው› ይላል። ማንን ልስማ? እናቴስ ብርዱ እስኪያልፍ ብትመለስ ይሻላል ወይ?
ብርድ ያንገሸገሻት፣ ከደብረ ብርሃን»

እህቴ፣ ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። መስከረም ገና አልወጣም፣ ውርጩም አልጀመረም፣ የምትሠሪበት ፀሐይ አለሽ።

ማንን ልስማ ላልሽው ለጊዜው ሁለቱንም አትስሚ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ቤት ከሰል መጨመርም ሂተር መሰካትም ውሃ በወንፊት መቅዳት ነው። መጀመሪያ ቀዳዳው ይደፈናል። ግን ከቀዳዳውም በፊት ዛሬ ማታ መቆም ያለበት ነገር አለ፤ እሱም ማንደጃው ነው።

«ጭሱ ካለቀ በኋላ» ያልሽው ነገር አስደንግጦኛል። አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚያምነው። ከሰሉ ደጅ ተቀጣጥሎ፣ ቀልቶ፣ ፍም ብቻ ሆኖ ከገባ አይጎዳም ይባላል። ጭስ ዓይን ስለሚያቃጥልና ስለሚያስል ሰው ራሱ ይሸሸዋል። የሚገድለው ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ ዓይንም አያስለቅስም። ደስ እያለን እጃችንን የምንዘረጋለት የቀላ ፍም ይህን ጋዝ እያወጣ ነው። አመድ አልብሰሽ ያዳፈንሽውም ያወጣል። ጋዙ ደም ውስጥ ገብቶ፣ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ከሚይዘው ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ከዚያ በኋላ ሰው ቢተነፍስም ኦክስጅኑ ለሰውነቱ አይደርስም። መጀመሪያ ራስ ይከብዳል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ይከዳል። ተኝቶ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ሳያውቀው እንቅልፉ ውስጥ ይቀራል።

እስቲ አስታውሺ። አምና ጠዋት ስትነሱ ራሳችሁን ያማችሁ ነበር? ደጅ ወጥታችሁ ትንሽ ስትቆዩስ ይለቃችሁ ነበር? «ብርድ መታኝ» ተብሎ የሚታለፍ ስንት የራስ ምታት ከማንደጃው የመጣ ነው።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፤ ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል አያድርም። ጥግ ላይም፣ አልጋ ሥርም፣ «ትንሽ ነው የቀረው» ተብሎም። ቡና ሲፈላ በሩ ገርበብ ይበል። ቡናው ሲያልቅ ማንደጃው ይውጣ፣ ደጅ ይዳፈን። ድንገት ራሱን የሳተ ሰው ካገኛችሁ በሩን ከፍታችሁ ጎትታችሁ ወደ ንጹህ አየር አውጡት፣ ከዚያ ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት። ወተት ይጠጣ የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ ነገር አይሰጥም፣ ያንቀዋል እንጂ አያድነውም።

ለባለቤትሽ ስትነግሪው «ልትገድለን ነው» ብለሽ አትጀምሪ። ሰውየው ከሥራ ደክሞ መጥቶ ከሰል የሚያርገበግበው ቤተሰቡ እንዳይበርደው ብሎ ነው። በገንዘቡ በኩል ግቢለት። በወር ለከሰል የምታወጡትን አብራችሁ ደምሩት። ከዚህ በታች የምነግርሽ ሥራ አብዛኛው በዚያው ብር ያልቃል፣ የሚሠራውም አንዴ ነው።

ልብ በይ፣ ቅደም ተከተሉ የግድ ነው። ቤቱ ቀዳዳ በነበረ ጊዜ ነፋሱ ጋዙን ጥቂት ያወጣላችሁ ነበር። ቤቱን ከደፈንሽው በኋላ ግን ያው ማንደጃ የባሰ አደገኛ ይሆናል። ማንደጃው የማይወጣ ከሆነ ግድግዳውን ባትነኪው ይሻላል።

አሁን ወደ ብርዱ። ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ደብረ ብርሃን 2,800 አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በግምት 6 ዲግሪ ይቀንሳል። ደብረ ሲናን አልፈሽ ጣርማ በርን ወጥተሽ እዚህ ስትደርሺ 9 እና 10 ዲግሪ ጥለሽ መጥተሻል ማለት ነው። እናትሽ ቢንቀጠቀጡ አይፈረድባቸውም። ከጥቅምት በኋላ ደግሞ ሰማዩ ይጠራል። ደመና ሲኖር ምድር የሞቀችውን እንደ ብርድ ልብስ ይዞላት ያድር ነበር። ደመናው ሲገፈፍ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሰማይ ይሄዳል፣ ንጋት ላይ ሣሩ ነጭ ይለብሳል፣ ደጅ ያደረ ውሃም ስስ በረዶ ይይዛል። ቆርቆሮ ይህን ሙቀት በመጣል የሚያህለው የለም። ማታ ማታ ቆርቆሮው አልቦ ጠብ ጠብ የሚልባችሁ ከሆነ፣ ያ ከትንፋሻችሁና ከድስቱ የወጣ እንፋሎት ቀዝቃዛው ብረት ላይ ውሃ ሆኖ ነው።

ነፋሱ የት የት እንደሚገባ ለማወቅ እጣን ይበቃል። ነፋስ ባለበት ምሽት በርና መስኮቱን ዝጊ። ገል ላይ ትንሽ ፍም አድርገሽ እጣን ጣይበትና በግድግዳው ዳር ዳር ቀስ ብለሽ ዙሪ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደህና ነው። ጎበጥ ካለ፣ ወይ ወደ ክፍሉ መሀል ከሸሸ፣ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። በከሰል ቁራጭ ምልክት አድርጊበት። ልጆቹ ይህን ሥራ ይወዱታል፣ ምልክት ማድረጉን ለእነሱ ተዪላቸው። ዙረሽ ስትጨርሺ ገሉን ደጅ አውጪው። አብዛኛውን ጊዜ ዋናው ጉድ ግድግዳውና ቆርቆሮው የሚገናኙበት ላይ ነው፣ ቀጥሎ የመስኮቱ ክፈፍ ዙሪያ፣ ከዚያ በሩ ሥር። ምሰሶው ከጭቃው የተላቀቀበት ስንጥቅም አይናቅም።

ምርጊቱን ቶሎ ጀምሪው። ጭቃው በገብስ ወይም በጤፍ ጭድ ይቦካ፣ በደንብ ይረገጥ፣ ጥቂት ቀን ይደር። ያደረ ጭቃ ይይዛል፤ የዕለቱ ጭቃ ይረግፋል። ሰፊውን ቀዳዳ መጀመሪያ በድንጋይ ስባሪና በጭድ ጠቅጥቀሽ ከላይ ምረጊው። የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ አትደንግጪ። ሁለተኛው፣ ቀጠን ያለውና ጭዱ የደቀቀው፣ ስንጥቁን ይሞላዋል። ሲደርቅ በእበት ለቅልቂው። ሁሉም ውርጩ ሳይጀምር ይድረቅ፣ እርጥብ ምርጊት በረዶ ከነካው ተፈርፍሮ ይወድቃል። ከውስጥ በኩል ድሮ እንደሚደረገው ግድግዳውን በዱቄት ሙጫ ጋዜጣ መለጠፍም ነፋስ ይከለክላል። ልጅቷ ፊደል ትቆጥርበታለች።

አንድ ቦታ ግን አትድፈኚ። ከአልጋው ራቅ ባለው በኩል፣ ከጣሪያው ሥር፣ መዳፍ የምታህል ቀዳዳ ወንፊት ሽቦ አድርገሽባት ተዪያት። አራት አምስት ሰው የሚተነፍስበት ቤት ነው። እንፋሎቱም የሚወጣበት ይፈልጋል፣ አለዚያ ግድግዳው ሻጋታ ያወጣና የልጅቷ ሳል ይብሳል።

ኮርኒሱ ከሁሉም ይበልጣል። ብር ያለሽ ለአንድ ነገር ብቻ ከሆነ ለእሱ አውጪው። ቺፕውድ አቅም ይጠይቃል፣ የሰው ቤት ላይም ያን ያህል አይወጣም። አቡጀዲ ያምራል፣ ቤቱንም ያበራዋል። ርካሹ የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ጆንያውን ተርትረሽ፣ ደጋግመሽ አጥበሽ፣ በፀሐይ አድርቀሽ አንዱን ከአንዱ ስፊው። ከቆርቆሮው ቢያንስ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ በደንብ ተወጥሮ ይመታ። በጨርቁና በቆርቆሮው መካከል የሚቀረው አየር ነው የሚያሞቃችሁ፣ ስለዚህ ዳር ዳሩ ክፍት አይሁን። ከላዩ ላይ ጭድ እንነስንስበት የሚልሽ ይኖራል። ያሞቃል፣ እውነት ነው። ግን የመብራት ገመድ የሚያልፍበት ጣሪያ ላይ ጭድ ማለት እሳት መጥራት ነው፣ አይጥም ይገባበታል። ተዪው። አምፖሉም ከጨርቁ ራቅ ብሎ ይንጠልጠል።

አከራይሽን ሳታነጋግሪ ሚስማር አትምቺ። በቤታቸው ላይ የሚጨመር ነገር ስለሆነ ላይጠሉት ይችላሉ። «የእቃውን ወጪ ከሁለት ወር ኪራይ ላይ ቀስ በቀስ ያስቡልን፣ ጉልበቱ ከእኛ» በያቸው። እሺ ካሉ በአንድ ብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። እንቢ ካሉም ጨርቅ ኮርኒስ ስትለቂ ነቅለሽው የምትሄጂው ንብረትሽ ነው።

በሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ በቱቦ መልክ ሰፍተሽ፣ ውስጡን አሸዋ ወይ ጭድ ሞልተሽ አጋድሚበት። መስኮቱ ላይ ከጣውላው በስተውስጥ ወፍራም መጋረጃ ይኑር። ይኸው ነው።

መኝታው ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከላይ ሲደራርብ ነው። ብርዱ እኮ ከሥርም ይመጣል። ስፖንጅ ፍራሽ ሰውነት ሲጫነው ይሳሳል፣ ከመሬት የሚመጣውን ቅዝቃዜ አይመልስም። ፍራሹ መሬት ላይ ከሆነ ከሥሩ ካርቶን፣ በላዩ ኬሻ ወይ ሰሌን አንጥፊ። ለእናትሽ ግን አጎዛ ፈልጊላቸው። ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ ፍራሹ ላይ ይነጠፍ፣ በላዩ አንሶላ። አንድ አጎዛ ከሥር የሁለት ብርድ ልብስ ሥራ ይሠራል። ከላይ ደግሞ ጋቢ ከውስጥ፣ ብርድ ልብስ ከውጭ። አንድ ከባድ ነገር ከመጫን ሁለት ሦስት ቀላል መደራረብ ይሻላል፣ በመካከሉ አየር ስለሚይዝ።

አሁን ያለሽበት አገር እኮ የበግ ጠጉር አገር ነው። የመንዝ ሰው ብርዱን የቻለው በባናና በዝተት ነው። ሱፍ ትንሽ ርጥበት ቢነካውም ያሞቃል፣ ጥጥ ግን ከራሰ ጠላት ነው። አዲስ ባና ውድ ከሆነብሽ ያገለገለ ጠይቂ፤ ብል ካልበላው ባና ልጅ ያሳድጋል። አሮጌ ሹራብና ኮት ካለሽ ደግሞ ቆራርጠሽ ድሪቶ ስፊ። ድሪቶ የድህነት ምልክት ነው እያለ የሚያፍር ሰው አለ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማንም አያይሽም።

ሙቅ ውሃ አልጋ ውስጥ ማስገባትም ጥሩ ነው። በሃይላንድ ፕላስቲክ ግን አይሁን፣ ሙቅ ሲነካው ይጨማደዳል፣ ሊፈስም ይችላል። ወፍራም ትንሽ ጀሪካን፣ ወይ ፋርማሲ የሚሸጠው የጎማው መያዣ ይሻላል። የፈላ አትጨምሪበት፣ እጅ ለአፍታ የሚችለው ይበቃል። ክዳኑን አጥብቀሽ፣ በፎጣ ጠቅልለሽ ከመተኛታችሁ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ አልጋው ውስጥ አስገቢው። ልጆቹ ሲገቡ አውጥተሽ ወደ እናትሽ እግር አዙሪው። እናትሽ ካልሲና ሻሽ ሳያደርጉ አይተኙ።

ቀን ቀን ፀሐይዋ በነፃ ናት። የደጋ ፀሐይ በበጋ ጠንካራ ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ መስኮቱን ክፈቺ፣ አልጋ ልብሱን አውጥተሽ አስጪ። ግን 10 ሰዓት ላይ ሁሉም ይግባ፣ መስኮቱም ይዘጋ። ብዙ ሰው ሲመሽ ነው የሚዘጋው፣ ያኔ ቤቱ ቀዝቅዞ አልቋል። ልጆቹም ገላቸውን በምሳ ሰዓት ይታጠቡ እንጂ ማታ አይሁን።

ወደ ሂተሩ እንምጣ። ሂሳቡን እንሥራው። 2,000 ዋት የሚል ሂተር በሰዓት 2 ኪሎ ዋት ሰዓት ይበላል። ከምሽቱ 12 እስከ 5 ሰዓት ብታበሪው 10፣ በወር 300 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። የመብራት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፣ ብዙ በተጠቀምሽ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ራሱ ይጨምራል። ቆጣሪያችሁ ከአከራይዋ ጋር የጋራ ከሆነ የግቢው ሁሉ ሂሳብ ያድጋል፣ ጠቡን አስቢው። የሰርቪስ ቤት ገመድ ቀጭን ነው፣ ሂተር በዲቫይደር ሰክቶ መተኛት ደግሞ ሌላ ዓይነት ሞት ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ በዚህች ልክ ነው፤ ዘንድሮ አትግዢ። ሽቦው የተገለጠውን የኤሌክትሪክ ምድጃ መሬት አስቀምጦ መሞቅም አይሁን። የእናትሽ ጋቢ ጫፍ አንዴ ከነካው በቃ።

በምትኩ የኤሌክትሪክ ምጣድ ካለሽ የምትጋግሪበትን ሰዓት ቀይሪው። ጠዋት የምትጋግሪ ከሆነ ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጊው። ምጣድ ከሂተር የበለጠ ኃይል የሚስብ እቃ ነው፣ ያንን ሙቀት ለእንጀራው ብለሽ ከፍለሽበታል፤ ቤቱንም በዚያው ያሙቅልሽ። ስትጋግሪ ግን ያቺን የላይኛዋን ቀዳዳ ክፍት አድርጊያት፣ እንፋሎቱ ይውጣ። ማድ ቤት ውስጥ በከሰል የምታበስዪ ከሆነም ላቀች ምድጃ ይሻላል፣ ከተራው ማንደጃ ሩብ ያህል ከሰል ይቆጥባል።

ምግቡን ለአንቺ አልነግርሽም፣ ገንፎና አጥሚት ታውቂያለሽ። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ይባላል፤ የአጥንቱን የዘንድሮ ዋጋ ግን እንተወው። አረቄ ያሞቃል የሚለውን ብቻ ባለቤትሽ አይስማ። ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው የሞቀው ይመስለዋል እንጂ ሙቀቱን እየጣለ ነው።

የትንሿን ሳል በተመለከተ ማንደጃው ከወጣ በኋላ ከቀነሰ ምክንያቱን አገኘሽው። ከቀጠለ፣ በተለይ አተነፋፈሷ ከፈጠነ ወይም ስትተነፍስ ከጎድን አጥንቷ ሥር ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ጤና ጣቢያ ውሰጃት። ይህ ኮርኒስ የሚፈታው አይደለም።

ክረምቱንም ካሁኑ አስቢው። ሰኔ ከገባ በኋላ የሚገዛው እንጨትና ኩበት እርጥብ ነው፣ ግማሹ ጭስ ሆኖ ይሄዳል። በግንቦት ደረቁን ገዝተሽ ከመሬት ከፍ አድርገሽ፣ በላስቲክ ሸፍነሽ አስቀምጪ።

የእናትሽ ጉዳይ። ይመለሱ ወይ ላልሽው፣ አሁን አይመለሱ። ሸዋ ሮቢት ከክረምቱ መውጣት በኋላ የወባ ወቅት ነው፣ እስከ ህዳርና ታህሳስ ይዘልቃል። ከብርድ አሽሽተሽ ለወባ አትስጪያቸው። ኮርኒሱ እስኪያልቅ አጎዛቸው ላይ ይተኙ፣ ቀን ፀሐይ ላይ ይቀመጡ፣ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ። ታህሳስ አጋማሽ ላይ አሁንም ካቃታቸው ግን ለጥር ቆላ ቢወርዱ ምንም አይደለም፣ እሳቸውም ዘመድ ይጠይቃሉ። ሲሄዱ አጎበር ይዘው ይሂዱ፣ ትኩሳት ከተሰማቸውም የዚያኑ ዕለት ይመርመሩ። ባናውን ግን እዚሁ ትተውልሽ ይሂዱ፣ ጥር ለአንቺም ቀላል አይደለም።